በግራው የባረከው መነኩሴ

እስከ ስምንት ዓመቴ ድረስ የሲኒማ ፈረንጅ ሁሉ ግራኝ ይመስለኝ ነበር። አትሳቁብኝ! እኔ ብቻ ብሆን ልጅነት ነው ተብሎ ይታለፋል፤ ጅቡቲ የነበሩት ያገሬ ሴቶች ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያምኑት። በግራቸው ይበላሉ፣ በግራቸው ይጨባበጣሉ፣ ሰይፍ ሲመዙ እንኳ በግራቸው ነው። ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚሉት የፈረንጅ ሰፈር ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ የምትሠራው ጎረቤታችን እትዬ ዓለምነሽ፣ «ኧረ የኔዎቹ በቀኛቸው ነው የሚበሉት፤ በዓይኔ በብረቱ አያለሁ» ብትል፣ «የሲኒማው ፈረንጅ ዘሩ ሌላ ነው» ብለው አፏን አስያዟት። እሷም ቆይታ አመነች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ መጠጥ ቤት የነበረው አንድ ግሪክ፣ ከመርከብ የወረደ የሲኒማ መኪና ገዝቶ፣ ግቢው መሀል ጨርቅ ወጥሮ ማሳየት ጀመረ። ከጨርቁ ፊት፣ ወንበር ላይ ፈረንሳዮቹ፣ ከነሱ ኋላ አግዳሚ ላይ ዐረቦቹና ሱማሌዎቹ ነጋዴዎች ከነልጆቻቸው ይቀመጣሉ። እኛ ሐበሾቹ፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ ከጨርቁ ጀርባ ምንጣፍ አንጥፈን ነው የምናየው። የኋላው በነፃ ነበርና ማን ይጠላል? ችግሩ፣ ጨርቁ ካልራሰ ብርሃኑ ወደ ኋላ አይዘልቅም። ስለዚህ ትርኢቱ ሊጀመር ሲል፣ መሀል ላይም የፊልሙ ጥቅል ሲለወጥ፣ ውሃ ይረጭበታል። ያን ውሃ የምትረጨው እናቴ አሰገደች ነበረች። ጨርቁንም አራት ያልጋ አንሶላ አጋጥማ የሰፋችው እሷ ናት። እናቴ የሰው ልብስ አጣቢ ነበረች።

እናቴን ከጥቁር ልብስ ሌላ ለብሳ አላውቃትም። አባቴ ክፍሌ ባቡር ላይ ሲሠራ ኖሮ፣ አዲስ አበባዎች የኅዳር በሽታ የሚሉት ያ ወረርሽኝ በመጣበት ዓመት ሲሞት እኔ ገና ድክ ድክ እል ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥቁሩን አላወለቀችም። ይኼ አይገርመኝም፤ ባል የሞተባት ሴት ጥቁር ትለብሳለች። እኔን የሚገርመኝ የእጇ ነገር ነበር።

እናቴ በባዶ እጇ አትነካኝም። መጀመሪያ እጇን ኖራ በተበጠበጠበት ውሃ ትዘፈዝፋለች፤ ከዚያ በአመድ ትፈትጋለች፤ ከዚያም በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ነው ክንዴን የምትይዘኝ። አንድ ቀን እንኳ አጉርሳኝ አታውቅም። ፀጉሬን የምትሠራኝ እትዬ ዓለምነሽ ናት። የሰው ልጅ እናቱ ጉያ ተወሽቆ ሲተኛ እኔ ግድግዳው ጥግ ብቻዬን ነኝ። ታዲያ ልጅ ምን ያስባል? የቆሸሽኩ መሰለኛ! ከአምቡሊ በግመል ተጭኖ ከሚመጣው ውሃ አንድ ጣሳ እየለመንኩ አንገቴ እስኪላጥ እፈትግና፣ «ዛሬስ ንጹሕ ነኝ?» ብዬ ፊቷ እቆማለሁ።

«ንጹሕ ነሽ የኔ ዓለም» ትለኛለች። ትለኝና እጇን ወደ ኋላዋ ትሸሽገዋለች።

ዛሬ ነገሩን አውቀዋለሁ። ቆሽሿል ያለችው የራሷን እጅ ነው። በሽታው የገባ ሰሞን ከአንድ መርከብ የወረደ አንሶላ ልታጥብ ተቀብላ ቤት አስቀምጣው ነበር። አባቴ ከሥራ ደክሞት ሲገባ እስር አንሶላውን ተንተርሶ አረፈ። ሳምንት አልቆየም። አንሶላውን አገላብጣ ያጠበችው እሷ ምንም ሳትሆን ቀረች። «እኔ ነኝ ያስገባሁበት፤ እጄ ሞት አለበት» አለች፤ አለች፣ ቀረ። ያን ጊዜ ወደቡ በሙሉ ይስል እንደነበር፣ አባቴ ከሚሠራበት ባቡር ስንቱ እንደተቀበረ ቢነግሯት አትሰማም። ኀዘን አንድ ጊዜ ፍርድ ከፈረደ ይግባኝ የለውም።

እንግዲህ ስምንት ዓመት በሆነኝ ሰሞን፣ ድሬዳዋ ወዳለችው የአባቴ እህት፣ ወደ አክስቴ ጸሐዬ ልትሰደኝ ቆረጠች። ልብሴን በአሮጌ ነጠላ ቋጥራ ከበሩ ጀርባ አኖረችው። በቅዳሜው ባቡር ነው የምሄደው። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። የምጠይቀው ጠፍቶኝ ሳይሆን መልሱን ፈርቼ ነው።

አንድ አመሻሽ፣ ገመድ ላይ ከተሰጡት አንሶላዎች መሀል ገብቼ ስጫወት ጋሼ ወልደየሱስ መጡ። የአባቴ ባልንጀራ ናቸው፤ ጣቢያው ውስጥ ቴሌግራፍ መቺ። በልጅነታቸው ዲያቆን ነበሩ፤ ፈረንሳይኛውን በኋላ ከሚሲዮኖች ተማሩ። ሲኒማውን ለኛ ለኋለኞቹ በአማርኛ የሚተርኩልን እሳቸው ናቸው። ከአንሶላው ሥር እግራቸው ብቻ ይታየኛል። የእናቴ ባዶ እግር፣ የሳቸው የተወለወለ ጫማ።

«እመት አሰገደች፣ ኧረ ተይ ይበሉ፤ ልጅ ከእናቷ ምን ይለያታል?»

«እኔው ነኝ የምለያት።»

«ክፍሌ ይኼን ቢያይ…»

«ክፍሌን ማን እንደገደለው እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። የቀረችኝ እሷ ናት። ትሂድልኝ።»

ጫማው ወዲያ ወዲህ አለ። «እኔስ የማውቀው ሌላ ነው» አሉ ጋሼ ወልደየሱስ፤ ድምፃቸው ሻክሮ። ጫማው ወደ ጣቢያው ዞሮ ሄደ።

ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ እኔ ግን ያን ምሽት የሰማሁትን አብኩቼ ጋግሬ አደርኩ። አባቴ ተገድሏል! ገዳዩንም ሁለቱ ያውቁታል! እኔ ደግሞ ሟች አባቴን መስዬ ዓይኗ ሥር ስለምዞር ልታየኝ አልፈለገችም፤ ለዚህ ነው ትሂድልኝ ያለችው። ገዳዩ ከተገኘ ግን እቀር ይሆናል አልኩ። ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ የማየውን ወንድ ሁሉ፣ ውሃ ሻጩንም፣ ጢማም ጀልባ ቀዛፊውንም፣ የግሪኩን አሻሻጭ ሳይቀር ዓይን ዓይኑን እያየሁ መመርመር ጀመርኩ። አሻሻጩማ አንድ ቀን፣ «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው የምታፈጥብኝ?» ብሎ ለእትዬ ዓለምነሽ ከሰሰኝ።

ቅዳሜ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው ያ ሲኒማ የታየው።

ሲመሽ ከባሕር የሚመጣው ንፋስ ጨርቁን እንደ ሸራ ይነፋው ነበር። እናቴ በጣሳ እየቀዳች ከፊትም ከኋላም ረጨችውና መጥታ ከምንጣፉ ጫፍ፣ ከሁላችንም ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ጋሼ ወልደየሱስ እንደ ልማዳቸው ከጨርቁ ጥግ ቆሙ። ፈረንሳይኛው ጽሑፍ ከኋላ ሲያዩት የተገለበጠ ነውና፣ አንገታቸውን ወደ ፊት ብቅ አድርገው ያነቡታል፤ ከዚያ ወደኛ ተመልሰው ይተርካሉ። ከወዲያ በኩል የጓደኛዬ የጀዋሪያ አባት አብዱልፈታሕ በዐረብኛና በሱማሊኛ ይጮኻሉ። ሁለቱ ድምፅ ጨርቁ ላይ እየተጋጨ ነው የምንሰማው።

«ይኼ የድሮ ዘመን ነው» አሉ ጋሼ። «የፈረንጅ አገር ነው፤ የነገሥታት ዘመን። ከተማው በሽታ ገብቶበታል።»

ጠባብ መንገድ፣ የድንጋይ ቤት፣ ጭቃ። አይጥ በየጉድጓዱ ይርመሰመሳል። ጋሪ ይመጣል፤ ጋሪው ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተከምሯል፤ ከጨርቁ ውስጥ አንድ እግር ተንጠልጥሏል። ሴቶቹ «እሪ!» አሉ። እኔ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ በጣቶቼ መሀል አየሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፍርሃቱ ይልቅ የእግሩ ባለቤት ማን ይሆን የሚለው ነበር የያዘኝ።

ከዚያ ወንዝ ዳር አንዲት ሴት መጣች። መርከብ ካመጣው ጥቅል ጨርቅ እየመዘዘች ታጥባለች። ከድንጋዩ ላይ እያነሳች ስታጋጨው፣ «ውይ፣ አሰገደችን አትመስልም!» አለች እትዬ ዓለምነሽ፤ ሴቶቹም ሳቁ። ሴትዮዋ የታጠበውን ተሸክማ ከተማ ገባች፤ ለልጆች አነጠፈችው፤ ልጆቹ ወዲያው ጠቆሩ፣ ተኮማተሩ። ጽሑፍ ወጣ። ጋሼ አንገታቸውን አስግገው አነበቡና ተመለሱ።

«በሽታውን ወደ ከተማው ያስገባችው…» ብለው ጀመሩና ቀጥ አሉ።

ወዴት እንደሚያዩ አየሁ። እናቴን ነበር የሚያዩት። እሷም ሁለት እጆቿን ብብቷ ሥር ወሽቃ፣ ሳትተነፍስ፣ ጨርቁ ላይ ፈዝዛለች። ከወዲያ አብዱልፈታሕ እየጮኹ ነው፤ ከወዲህ ግን ጸጥ። አንዷ፣ «ኧረ ማናት ያስገባችው? ይንገሩን እንጂ!» አለች።

ይኼኔ ነው መነኩሴው የመጣው። ረጅም፣ ጥቁር ቆብ የደፋ፣ ፊቱ አጥንት ብቻ። በየደጁ እየቆመ እጁን አንስቶ ያማትባል። እትዬ ዓለምነሽ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«በስመ አብ! መነኩሴው በግራው ባረከ!»

ግቢው ተተራመሰ። ሌላው ፈረንጅ በግራው ቢበላ ችለናል፤ በግራው ቢጨብጥ ችለናል። መነኩሴ በግራው ሲባርክ ግን ማን ይችላል? በግራ እጅ የሚባረክ የሰይጣን ነው እንጂ የእግዜር አይደለም። ሴቱ ሁሉ ማማተብ ያዘ። ጋሼ ወልደየሱስ ጨርቁን አዩ፤ ዓለምነሽን አዩ፤ ከዚያ ድምፃቸው እንደ ደወል ከፍ አለ።

«ደግ አየሽ፣ ዓለምነሽ! እኔም ይህንኑ ልናገር ነበር። ይኼ መነኩሴ አይደለም። ሞት ነው፣ መነኩሴ መስሎ የመጣው። በሽታውን ያስገባው እሱ ነው። ደጁን እያማተበ የሚያልፈው ምልክት ሊያደርግበት ነው። ሴትዮዋማ ምን አደረገች? ጨርቅ ነው ያጠበችው!»

አገኘሁት! ሁለቱ የሚያውቁት ገዳይ ይኼ ነዋ! ጥቁር ለብሶ፣ ቆብ ደፍቶ፣ በግራው እያማተበ የኛንም ደጅ ያለፈ። ወደ እናቴ ዞሬ፣ «እማዬ፣ አባባን የገደለው እሱ ነው?» ልላት ስል ጥቅሉ አለቀና ሲኒማው ቆመ። እናቴ ጣሳዋን አንስታ ልትረጭ ወደ ፊት ሄደች።

ቆየች። ግሪኩ ቸኩሎ ሁለተኛውን ጥቅል ለቀቀው፤ እሷ ግን አልተመለሰችም። እኔ ግን ሲኒማው ይዞኛል። ሰዎቹ ሴትዮዋን ያሳድዷታል፤ ይይዟታል፤ መሀል አደባባይ እንጨት ይቆልላሉ። ጋሼ ላብ በላብ ሆነው ይተርካሉ፤ «ሞት አታሏቸው ነው! ሐሰተኛው መነኩሴ አሳስቷቸው ነው!» ጢሱ ተነሣ። ጢሱ ጨርቁን በሙሉ ሞላው፤ ሴትዮዋ አትታይም።

«አያችሁ?» አሉ። «ጢሱ ጋረዳት። ገመዱ ተፈታ። በጢሱ ውስጥ አልፋ ወንዙን ተሻገረች!»

ሴቶቹ እልል አሉ። ከጨርቁ ፊት ያሉት ምን ነክቷቸው እልል ይላሉ ሳይሉ አልቀሩም። እናቴ ይኼኔ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ጎኔ ስላችሁ እጅግ ቀርባ። ፊቷ ርሷል፤ እስከ አንገቷ። ውሃ ስትረጭ ንፋሱ መልሶባት ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ጧት ጀዋሪያ አንሶላ ወደምናሰጣበት መጣች። አብረን ስላደግን እሷ አማርኛዬን፣ እኔ ሱማሊኛዋን እንሰማለን፤ ሲያቅተን በዐረብኛ እንጠጋግናለን።

«ያቺ ሴትዮ አሳዘነችኝ» አለችኝ።

«ለምን? ወንዙን ተሻግራለች እኮ።»

«ምን ወንዝ? ተቃጠለች! በሽታውን ያመጣችው እሷ ናት። አባቴ ነው የተረጎመው። ቄሱ ነው ያወቀባት፤ እሱ ጥሩ ሰው ነው።»

«ሞት ነው እሱ! በግራው ነው የሚባርከው!»

«በቀኙ ነው!»

«በግራው!»

ፀጉር ለፀጉር ልንያያዝ ምንም አልቀረን። ጀዋሪያ ግን ከኔ ይልቅ ብልህ ነበረች። «ቆይ» ብላ መዳፏን ባልዲው ውስጥ ነክራ፣ ገመድ ላይ የደረቀውን አንሶላ በቀኝ እጇ ጥፍ አደረገችው። «ይኼ ምን እጅ ነው?»

«ቀኝ።»

«በይ ዙሪና በወዲያ በኩል እጅሽን አድርጊበት።»

ዞርኩ። የእጇ ምልክት ዘልቆ ይታያል፤ ፀሐዩም ከበስተጀርባው ነበር። ቀኝ እጄን አስጠጋሁበት፤ አውራ ጣቱ እምቢ አለ። አዙሬ ሞከርኩ፣ እምቢ። ግራዬን ባደርግበት ልክክ አለ። እጄን እዚያው እንዳስቀመጥኩ ደርቄ ቀረሁ። የጀዋሪያ ቀኝ እጅ በኔ በኩል ግራ ሆኗል!

ያን ቀን የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ዓለም ሁሉ ተገልብጦ ቆመ። የሲኒማ ፈረንጅ ለካስ ግራኝ አይደለም! በቀኛቸው ነው የሚበሉት፣ በቀኛቸው ነው የሚጨባበጡት፤ እትዬ ዓለምነሽ እውነቷን ነበር! ደስታው አስጨፈረኝ። ቀጥሎ ግን ጭፈራዬን አቆምኩ። መነኩሴውም በቀኙ ነበር የባረከው ማለት ነው። ገዳዩ እሱ አይደለም። ጋሼ ወልደየሱስ ዋሽተዋል። ያን የሚያህል ሰው፣ ዲያቆን የነበረ!

ሮጬ ቤት ገባሁ። እናቴ የከሰል ካውያዋን ይዛ የፕላቶ ዱ ሰርፓን ፈረንሳዮችን ሸሚዝ ትተኩሳለች። ከበሩ ጀርባ የልብሴ ቋጠሮ እንዳለ ነው። ነገ ቅዳሜ ነው።

«እማዬ! መነኩሴው በቀኙ ነው የባረከው! እኛ ከኋላ ስለሆንን ነው እንጂ! ጀዋሪያ ያለችው፣ በሽታውን ያስገባችው አጣቢዋ ናት፤ አቃጠሏት እንጂ ወንዝ የለም! ጋሼ ወልደየሱስ ውሸታቸውን ነው!»

ካውያውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

ዛሬ ያቺን ትንሽ ልጅ ሳስባት፣ አፏን በሁለት እጄ ልይዛት እመኛለሁ። ምን ይዛ እንደገባች አታውቅማ። እናቷን ከስድስት ዓመት በኋላ ቀና ልታደርግ የደረሰች አንዲት ውሸት ነበረች፤ እሷንም ልጅቷ እያለከለከች ልታፈርስ ነው የሮጠችው።

«ለማን ነገርሽ?» አለችኝ እናቴ።

«ለማንም። ላንቺ።»

«እንግዲያው ጋሼ ወልደየሱስ እንዳይሰሙ።»

«ለምን?»

«ደክመዋል።»

እሳቸው ታመዋል ያለች መሰለኝ። «እና ሴትዮዋ ተቃጥላለች?» አልኳት።

እናቴ ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ አየቻቸው። ኖራ ያነደዳቸው፣ የተሰነጣጠቁ። ገልብጣ ደግሞ ጀርባቸውን አየች። «እኛ ከኋላ ነው የተቀመጥነው» አለችኝ። «ከኋላ ያየነው ይበቃናል።»

አልገባትም ብዬ አዘንኩላት። ስለ አንሶላው፣ ስለ ጀዋሪያ እጅ፣ ስለ አውራ ጣቱ እንደገና ከመጀመሪያው ላስረዳት ስጀምር፣ «ነይ ወዲህ፤ ይኼ ፀጉርሽ ምን ሆኖ ነው?» አለች። የኖራው ባልዲ እግሯ ሥር ነበር። አልነከረችም። ነጠላዋም ትከሻዋ ላይ ነበር፤ አልጠቀለለችበትም። በባዶ እጇ ራሴን ያዘችና እግሮቿ መሀል አስቀመጠችኝ። ሻካራ እጅ ነበር፤ ሳሙናና ከሰል ይሸታል። መሥራት ረስታው ኖሮ ጠማማ አድርጋ ሠራችኝ፤ ያማል፤ እኔ ግን ትተወኛለች ብዬ ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ ባቡሩ ጮኸ። ሄደ። እኔ ከእናቴ ጋር አንሶላ እየጨመቅሁ ነበር፤ እሷ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው። ቋጠሮዬ የዚያኑ ቀን ተፈታ። ጥቁር ቀሚሷን ለማውለቅ ግን እስከ ፋሲካ ቆየች፤ እናቴ እንዲህ ናት፣ ሁሉን ባንዴ አታደርግም።

እኔም እናቴ የጋሼ ወልደየሱስን ተረት አምና እንደዳነች እያሰብኩ አደግሁ። ምስኪን እናቴ፣ ቀኝና ግራ እንኳ ቢነገራት አልገባት አለ እል ነበር። አይ ልጅነት! እስከ ኮረዳነቴም ዘለቀልኝ እንጂ።

እውነቱን የሰማሁት የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ሰሞን ነው። ያኔ ሲኒማው አፍ አውጥቶ መናገር ጀምሯል፤ ተርጓሚ አያስፈልገውም ተብሎ ጋሼ ወልደየሱስም አብዱልፈታሕም ከጨርቁ ጥግ ተሰናብተዋል። እናቴ ልጄን በገበታ ታጥባለች። በባዶ እጇ ብብቱን፣ የአንገቱን እጥፋት፣ የእግሩን ጣቶች አንድ ባንድ። እያየኋት ያ ነገር ትዝ አለኝ።

«እማዬ፣ ያን ጊዜ የመነኩሴውን እጅ ነገር ስነግርሽ ገብቶሽ ነበር?»

ሳቀች። «ካንቺ በፊት አይቼው የለ!»

«የት?»

«ውሃ ልረጭ ወደ ፊት ሄጄ አይደል? ግሪኩ ሳልጨርስ መኪናውን ለቀቀው፤ እዚያው ጥግ ቁጢጥ አልኩ። አብዱልፈታሕ እኔም በምሰማው በዐረብኛ ይተረጉማል። ‹አጣቢዋ ናት ያመጣችው፣ ትቃጠል› አሉ አለ። እንጨቱ ላይ ሲያስሯት እጇን ታያለች። እንዲህ ገልብጣ፣ ልክ እኔ እንደማየው።» ልጁን በፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አስጠጋችው። «ምን አጠፋች? አልኩ። ለልጆቿ ጉሮሮ ብላ ጨርቅ ነው ያጠበችው፤ በሽታ አለበት ብሎ ማን ነገራት? አለቀስኩላት፣ ፋናዬ። አንገቴ ድረስ አለቀስኩላት። ለራሴ እንዲያ ብዬ አላውቅም ነበር። ለሷ ስለው ግን ለኔም ሆነ።»

ንፋሱ የመለሰባት ውሃ። ስንት ዓመት ውሃ ነው ስል ኖሬያለሁ!

«ከዚያ ወደ ኋላ ብመለስ» አለች፣ «ወልደየሱስ ላብ በላብ ሆነው ሴትዮዋን ወንዝ ያሻግሯታል። ለማን ብለው እንደሆነ ጠፋኝ? ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ሰው ለእውነት እንኳ እንዲያ አይደክምም።»

«ታዲያ እንዳወቅሽ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ያሻገሩኝ እሳቸው ናቸው። ከተሻገርኩ ወዲያ ወንዙ አልነበረም ልበላቸው?»

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ወልደየሱስ አራስ ሊጠይቁ መጡ። ዱላ ይዘዋል፤ ጫማቸው ግን እንደ ድሮው ተወልውሏል። ከጨርቁ ጥግ ስላሰናበታቸው ሲኒማ ትንሽ አማረሩ፤ የዛሬ ልጆች ጆሮ እንጂ ልብ የላቸውም አሉ። እናቴ ወንበር ሰጠቻቸው፤ ልጁን አቅፋ ከአልጋዬ ራስጌ ተቀመጠች። ነፃ የሆነውን እጇን አምጥታ ግንባሬ ላይ አሳረፈችው።

«እስቲ አቶ ወልደየሱስ» አለች፣ ምንም እንደማያውቅ ልጅ ሆና፣ «ያቺ አጣቢ ሴትዮ ወንዙን ተሻግራ ኋላ እንዴት ሆነች?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ልጅ ነበራት» አሉ። «ወዲያ ማዶ ትጠብቃት ነበር።»